ስማርት ስልክን መምረጥ፣ ሥርዓተ ክወናውንም ለራስ ማበጀት

እስቲ ከአንድ ቀላል ሙከራ እንጀምር። ስልካችሁን አውጡ፤ የመልእክት መጻፊያውን ክፈቱ፤ «አውጚ» የሚለውን ቃል ጻፉ። ቃሉ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። «አ» እና «ው» ወዲያው ይገኛሉ። ሦስተኛው ፊደል «ጚ» ግን ብዙዎቻችሁን ያስቸግራል። አንዳንዶቻችሁ በ«ገ» ዘር ውስጥ ትፈልጉታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ «ኚ» ወይም «ንጊ» ጽፋችሁ ታልፋላችሁ። በአሮጌ ስልክ የሚሞክር ደግሞ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን ሊያይ ይችላል።

አውጚ የአዊ ብሔረሰብ ቋንቋ ስም ነው። በእንጅባራና በዳንግላ፣ በዙሪያቸውም ባሉ ወረዳዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይናገረዋል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ሕፃናት ይማሩበታል። ታዲያ ቋንቋው ስሙን እንኳ በትክክል የማይጽፍ ስልክ ለዚህ አካባቢ ተማሪ ምን ያህል «ስማርት» ነው? ይህ ጥያቄ ተራ ቅሬታ አይደለም። ስለ ስልክ አመራረጥና ስለ ሥርዓተ ክወና ማወቅ የሚገባንን ብዙ ነገር በአንድነት የያዘ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከገበያው እንነሣና ወደ ስልኩ ውስጥ እንገባለን፤ በመጨረሻም ወደዚችው ፊደል እንመለሳለን።

ሥርዓተ ክወና ምንድን ነው?

ስልክ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው አካል ሲሆን ፕሮሰሰሩን፣ ማኅደረ ትውስታውን፣ ባትሪውን፣ አንቴናውንና ስክሪኑን ያጠቃልላል። ሁለተኛው የማይዳሰሰው ነው። ይህን አካል የሚያዝዘውና ሥራን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው የፕሮግራሞች ስብስብ ሥርዓተ ክወና ይባላል። ሥርዓተ ክወና የገበያ ዳኛን ይመስላል። ሻጩም ገዢውም እርሱ አይደለም፤ ነገር ግን ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ማን የማንን ዕቃ መንካት እንደማይችል የሚወስነው እርሱ ነው።

በአገራችን ገበያ ከሚሸጡት ስማርት ስልኮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ ነው። የአንድሮይድ መሠረት ሊነክስ የተባለው ከርነል ነው። ከርነል የሥርዓተ ክወናው አስኳል ማለት ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀምሮት ማንም ሰው እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው በነጻ የለቀቀው ሥራ ነው። ጉግል አንድሮይድን የጀመረውን አነስተኛ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ገዛ፤ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክም እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ቀረበ። አፕል አይፎንን ያስተዋወቀው ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለው መሠረታዊ ልዩነት ይህ ነው። የአይፎን ሥርዓተ ክወና በአንድ ኩባንያ ብቻ ይሠራል፤ ኮዱም ዝግ ነው። የአንድሮይድ ዋና ክፍል ግን ክፍት ኮድ ነው። ሳምሰንግም ሆነ ቴክኖ ወስዶ በራሱ መልክ ያለብሰዋል። የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ባለቤት የሆነው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያ የስልክ መገጣጠሚያ የከፈተ ሲሆን፣ ስልኮቹ በየክልሉ ከተሞች በብዛት ይታያሉ። ስለዚህ ሁለት የአንድሮይድ ስልኮች በስም አንድ ቢሆኑም፣ በመልክ፣ በፍጥነትና በዕድሜ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ።

ከመግዛት በፊት፤ አምስት ጥያቄዎች

ለአንድ ተማሪ የሚገዛ ስልክ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ገንዘብ ነው። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል፣ በባንጃ ደጋ የሚመረተው ድንችና ገብስ ተሸጦ የሚገኝ ነው። ስለሆነም ምርጫው በማስታወቂያ ሳይሆን በስሌት ቢሆን ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ባትሪው ምን ያህል ጉልበት ይይዛል የሚለው ነው። በማሸጊያው ላይ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ይህ የኤሌክትሪክ ሙሌት መጠን ነው፤ ጉልበቱን ለማወቅ በቮልቴጁ ማባዛት ይገባል። የሊቲየም አዮን ባትሪ አማካይ ቮልቴጅ 3.85 ቢሆን፣ 5 አምፔር ሰዓት በ3.85 ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት ይሆናል። መብራት በሚቋረጥበት ቀን በ10 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ለመሙላት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ብክነቱ ሲታሰብ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በክረምት ደመና ሥር ከዚህም ይረዝማል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተባለ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በማስተላለፍ ጊዜ አንድ አምስተኛው ቢባክን ይህን ስልክ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል። ቁጥሩን አይቶ «ሁለት ጊዜ ይሞላል» ብሎ የሚያስብ ገዢ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር ይግባባል ወይ የሚል ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛው ትውልድ አገልግሎት በ900 እና በ1,800 ሜጋኸርዝ፣ የሦስተኛው ትውልድ ደግሞ በ2,100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ተዘርግቷል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ስልክ በአንዳንድ የሞገድ ክልሎች ላይሠራ፣ ወይም ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ሲም ብቻ ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ጠይቆ የሚቀበላቸውን ሞገዶች ማመሳከር ይጠቅማል።

ሞገዱ ራሱም የፊዚክስ ትምህርት ነው። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የ2,100 ደግሞ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ ሞገድ በኮረብታ ጫፍና በዛፍ ዙሪያ የመታጠፍ ችሎታው የተሻለ ስለሆነ ራቅ ወዳለ መንደር ይደርሳል፤ አጭሩ ግን ብዙ መረጃ ቢያመላልስም ቶሎ ይዳከማል። ከእንጅባራ ወጣ ብለን ወደ ሸለቆ ስንወርድ ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ጥሪው ብቻ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሲግናል ሲደክም ደግሞ ስልኩ ማማውን ለማግኘት የማሰራጫ ኃይሉን ይጨምራል። በሁለተኛው ትውልድ የ900 ሜጋኸርዝ አገልግሎት ይህ ኃይል እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ሲግናል በሌለበት ቦታ ስልካችን ያለሥራ እየጋለ ባትሪው ቢያልቅ አንገረም፤ የአውሮፕላን ሁኔታን መጠቀም መድኃኒቱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የማኅደረ ትውስታው ነገር ነው። 32 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ስልክ ሲከፈት 29.8 ብቻ ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ 1,073,741,824 አድርገው ይቆጥሩታል። ከዚህም ላይ ሥርዓተ ክወናው ራሱ በርካታ ጊጋባይት ይወስዳል። «8 ሲደመር 8 ራም» የሚለው ማስታወቂያ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ሁለተኛው 8 ከማከማቻው ላይ የተዋሰ ቦታ ነው። ማከማቻ ከራም እጅግ ስለሚዘገይ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዓይነት 16 አይሆኑም።

አራተኛው ጥያቄ ዝናብ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጉምና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። «አይፒ 67» የሚል ምልክት ካለ፣ የመጀመሪያው ቁጥር 6 አቧራ ጨርሶ እንደማይገባ፣ ሁለተኛው ቁጥር 7 ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንደሚቋቋም ያመለክታል። ይህ ምልክት የሌለው ርካሽ ስልክ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የፕላስቲክ ከረጢት ግን አይለየው ማለት ነው።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ ሥርዓተ ክወናው እስከ መቼ ይታደሳል የሚለው ነው። በማስተካከያዎች ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ተጽፎ ይገኛል። ቀኑ ከሦስት ዓመት በፊት ያለ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተገኙት የደኅንነት ቀዳዳዎች በዚያ ስልክ ላይ ክፍት ሆነው ይኖራሉ። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ጭምር ሆኗል፤ ቀዳዳ ያለው ቦርሳ ደግሞ ማንም አይገዛም።

የስልኩን መታወቂያ በእርሳስና በወረቀት መፈተሽ

አንድ ስልክ ሐሰተኛ መሆኑን ለመጠርጠር የሚረዳ ትንሽ ሒሳብ እናሳያችሁ። በመደወያው ላይ *#06# ስትጫኑ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። የመጨረሻው አኃዝ በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም፤ ከፊተኞቹ 14 አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው።

ለምሳሌ 490154203237518 የሚለውን ቁጥር እንውሰድ። ከግራ ጀምረን 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ እንዲህ እያልን እስከ 14ኛው ያሉትን አኃዞች በ2 እናባዛለን። ውጤቱ ሁለት አኃዝ ከሆነ ሁለቱን እንደምራለን፤ 9 በ2 ሲባዛ 18 ስለሆነ 1 እና 8 ተደምረው 9 ይሆናሉ። የቀሩትን እንዳሉ እንተዋቸዋለን። እንግዲህ 4፣ 9፣ 0፣ 2፣ 5፣ 8፣ 2፣ 0፣ 3፣ 4፣ 3፣ 5፣ 5 እና 2 እናገኛለን፤ ድምሩ 52 ነው። ከ52 ቀጥሎ ያለው በ10 የሚካፈል ቁጥር 60 ስለሆነ ልዩነቱ 8 ነው። በእርግጥም 15ኛው አኃዝ 8 ሆኖ እናገኘዋለን።

በምትገዙት ስልክ ላይ ይህ ሒሳብ ካልሠራ ቁጥሩ የተፈበረከ ነው። ቢሠራም ግን በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሐሰተኛ ሠሪ የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላልና። ስለዚህ በስክሪኑ የሚታየው ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ማከማቻውንም ቃል በተገባው መጠን ትላልቅ ፋይሎችን ገልብጣችሁ ሞክሩት፤ አንዳንድ ሐሰተኛ ስልኮች የሌላቸውን ቦታ እንዳላቸው አድርገው በስክሪን ላይ ያሳያሉና።

ፊደል በስልክ ውስጥ እንዴት ይኖራል?

አሁን ወደ ፊደላችን እንቀርባለን። ስልክ ፊደልን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። «ሀ» 4608 ቁጥርን ይዛ ትጀምራለች። «አ» 4768፣ «ው» 4813 ናቸው። «ጚ»ስ? እርሷም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ 4890 ሆና ተመዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደሎች ገብተዋል።

እንግዲህ «ጚ» በዓለም መዝገብ ላይ አለች ማለት ነው። ታዲያ በስልካችን ላይ ለምን ጠፋች? መልሱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቅርጸ ፊደል ወይም ፎንት ነው። ስልኩ 4890 የሚል ቁጥር ሲደርሰው ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚስል የሚነግረው ፎንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የግዕዝ ፎንት ስላልነበረ አማርኛ ራሱ የሣጥን ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ጉግል ኋላ ላይ «ኖቶ» የተባለውን የፎንት ቤተሰብ ሲያዘጋጅ ስሙን ያወጣው ከእነዚህ ባዶ ሣጥኖች ነው። ሣጥኖቹ ቶፉ የተባለውን ምግብ ስለሚመስሉ «ቶፉ አይኑር» ማለቱ ነበር። ዛሬ በአዲስ ስልክ ላይ ይህ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል።

ሁለተኛው የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ፎንቱ ፊደሉን መሳል ቢችልም፣ የምንጽፍበት ሰሌዳ ለአማርኛ ብቻ የተሰናዳ ከሆነ «ጘ» እና ዘሮቿ ላይኖሩበት ይችላሉ። አማርኛ ይህን ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ለብቻው አይጽፈውምና የሰሌዳው አዘጋጅ አላስፈለገውም። ብዙ ጊዜ የአውጚ ጸሐፊ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ፊደሉ በስልኩ ውስጥ እያለ የሚገባበት በር ይጎድለዋል።

ሦስተኛው የሥርዓተ ክወናው ቋንቋ ነው። ይህ የማስተካከያዎቹና የትእዛዞቹ ሁሉ ትርጉም ነው። አንድሮይድ አማርኛን በዚህ ደረጃ ያቀርባል፤ ለአውጚ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ትርጉም የለም።

የፊደል ነገር በአጭር መልእክት ዋጋ ላይም ይንጸባረቃል። አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ይይዛል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል ግን 16 ቢት ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው የሚገባው። ይሁንና የግዕዝ ፊደል አንዱ ተነባቢና አናባቢን በአንድነት ይዟል። «እንጅባራ» በእኛ 5 ፊደል ሲሆን በላቲን 8 ይፈጃል። ስለዚህ ጉዳቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ቢመስልም በእውነቱ ከዚያ ያንሳል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት ሳንቲም ቢያድን፣ ሲነበብ ትርጉሙን አሻሚ እንደሚያደርገው ማሰብ ይገባዋል።

ሥርዓተ ክወናውን ማበጀት፤ ሦስት ደረጃዎች

አንድን ስልክ ለራስ ማበጀት ቤትን ለራስ እንደማሰናዳት ነው። ዕቃ ማዘዋወር አለ፤ በር መቀየር አለ፤ መሠረቱን ቆፍሮ እንደገና መሥራትም አለ። አደጋውም በዚያው ልክ ያድጋል።

በመጀመሪያው ደረጃ የሚደረገው በማስተካከያዎች ውስጥ ያለ ነው። ቋንቋውን መቀየር፣ የማንጠቀምባቸውን አፕሊኬሽኖች ማሰናከል፣ ከበስተጀርባ ኢንተርኔት የሚበሉትን መገደብ ይቻላል። ስክሪኑን ጥቁር ማድረግ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው ግን ለሁሉም አይሠራም። ኦሌድ በተባለው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራ ጥቁር ነጥብ የጠፋ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ይቆጥባል። ኤልሲዲ በሆነው ርካሽ ስክሪን ላይ ግን ከኋላ ያለው መብራት ጥቁሩንም ነጩንም እኩል ስለሚያበራው ቁጠባው ከምንም አይቆጠርም። በዚህ ስክሪን ላይ የሚቆጥበው ብርሃኑን መቀነስ ነው። አሮጌ ስልክን ማፍጠን የሚሻ ደግሞ «ስለ ስልኩ» በሚለው ክፍል የግንባታ ቁጥሩን 7 ጊዜ ሲነካ የገንቢዎች አማራጮች ይከፈታሉ፤ እዚያ የእንቅስቃሴ ትርኢቶችን በግማሽ ማሳጠር ይቻላል። ፕሮሰሰሩ አይፈጥንም፤ መጠበቁ ግን ያጥራል።

በሁለተኛው ደረጃ የሥርዓተ ክወናውን ክፍሎች በሌላ እንተካለን። የመነሻ ገጹንና የቁልፍ ሰሌዳውን አንድሮይድ ያለምንም መሰበር እንድንቀይር ይፈቅዳል። የ«ጚ» መፍትሔ ያለው እዚህ ነው። ኪይማን የተባለው ነጻና ክፍት ኮድ የሆነ ፕሮግራም በርካታ የግዕዝ ፊደል ሰሌዳዎች ሲኖሩት፣ ከእነርሱ አንዱ ለአውጚና ለኽምጣንግኛ የተሰናዳ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሌላ ሰሌዳ መልመድ የማይሻ ደግሞ በያዘው ሰሌዳ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ «አውጚ» የሚለውን ቃል አንዴ ገልብጦ በአጭር ምልክት ቢመዘግበው፣ ያን ምልክት ሲጽፍ ቃሉ ይመጣለታል።

በሦስተኛው ደረጃ መሠረቱ ይቆፈራል። ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ትንሽ ፕሮግራም ቡትሎደር ይባላል። እርሱም የሥርዓተ ክወናውን ዲጂታል ፊርማ መርምሮ ከአምራቹ የመጣ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ያስነሣዋል። ይህ መቆለፊያ ሲከፈት ሌላ ሥርዓተ ክወና መጫን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሳያኖጅንሞድ በዚህ መንገድ አምራቾች የተዉአቸውን ስልኮች ያድስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሲቆም ሊኒየጅኦኤስ ሥራውን ተረክቦ ቀጥሏል። አምራቹ ማሻሻያ ላቆመበት ስልክ አዲስ ዕድሜ መስጠት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢያን ሦስት ነገር ልብ እንዲሉ እንመክራለን። አንደኛ፣ ቡትሎደር ሲከፈት በስልኩ ላይ ያለው መረጃ ሁሉ ይደመሰሳል። ይህ የሆነው ሌባ ቆልፎውን ሰብሮ ፎቶና መልእክት እንዳያነብ ሆን ተብሎ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሥርዓተ ክወና ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሰናዳ ነው። ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀውን የጫነ ሰው ስልኩን ወደ ጡብ ሊለውጠው ይችላል፤ በእኛ ገበያ የሚበዙት ርካሽ ሞዴሎች ደግሞ በእነዚህ ዝርዝሮች ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ሦስተኛ፣ የባንክና የገንዘብ ማስተላለፊያ አፕሊኬሽኖች መቆለፊያው የተከፈተበትን ስልክ ላያምኑት ይችላሉ። ቤተሰቡ ያለው አንድ ስልክ ብቻ ከሆነ ይህ ሙከራ አይሞከርበት። ለመማር የሚሻ ተማሪ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ስልክ ቢጠቀም ይሻላል፤ ቢበላሽም ትምህርቱ ይቀራል።

ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ተማሪዎች ስልካቸው ከደመናው ጋር ሲለያይ ምን ያህሉ ነገር በእጃቸው እንደሚቀር ተረድተዋል። ስለዚህ ስልክ ስናበጅ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ክፍል ማደርጀት ይገባል።

ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በፋይል አድርጎ በማኅደረ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ማወቅ ይጠቅማል። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተሰናዳ ካርድ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ካርታም እንዲሁ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። የስልኩ የአቀማመጥ መለኪያ የሚሠራው ከአራትና ከዚያ በላይ ሳተላይቶች በሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚሄድ ተጓዥ ሲም ባይኖረው እንኳ ስልኩ ቦታውን ይነግረዋል።

አፕሊኬሽን በብሉቱዝ ከጓደኛ መቀበልም የተለመደ ነው። አደጋው ግን አይናቅ። ማንኛውም የአንድሮይድ አፕሊኬሽን በሠሪው ዲጂታል ፊርማ ይታሸጋል። በስልኩ ላይ ባለው አፕሊኬሽን ላይ አዲስ እትም ስንጭን ፊርማው የተለየ ከሆነ ሥርዓተ ክወናው አልቀበልም ይላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ያየ ሰው አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን ለመጫን ቢቸኩል፣ ዘበኛውን አባርሮ በሩን እንደከፈተ ይቆጠራል። የገንዘብ አፕሊኬሽን ግን ከእጅ ወደ እጅ ጨርሶ አይወሰድ።

በመጨረሻም፣ ስልክ ቤተ ሙከራ ሊሆን እንደሚችል የሳይንስ ተማሪ አይዘንጋ። በውስጡ ፍጥንጥነትን የሚለካ ዳሳሽ አለው፤ በአንዳንዶቹም የመሬትን ማግኔታዊ መስክ የሚለካ ይገኛል። በጀርመን አገር በአኽን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም እነዚህን ዳሳሾች ለፊዚክስ ሙከራ ያውላቸዋል። ስልክ ስትገዙ «ስንት ካሜራ አለው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ «ስንት ዳሳሽ አለው?» ብላችሁም ጠይቁ።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። «ጚ» ከዓለም መዝገብ አልጠፋችም፤ ከአዲሶቹ ስልኮችም ፎንት ውስጥ አልጠፋችም። የጎደለው በሩ ነበር፤ በሩንም ማንኛውም ተማሪ በጥቂት ደቂቃ ሊከፍተው እንደሚችል አየን። የቀረው ግን ሰፊ ነው። የአውጚ ቃላት በትክክለኛ ፊደላቸው ተጽፈው ካልተሰበሰቡ፣ ሰሌዳው ቀጣዩን ቃል ሊተነብይ፣ የፊደል ስሕተትም ሊያርም አይችልም። «ኚ» ወይም «ንጊ» ብለን በጻፍን ቁጥር ደግሞ፣ ኮምፒዩተር ስለ ቋንቋው ሊማርበት ከሚችለው ጥቂት ጽሑፍ ላይ እየቀነስን እንሄዳለን።

ይህን ሥራ ከሩቅ ያለ ኩባንያ መጥቶ ይሠራልናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የአንድሮይድ አስኳል የሆነው ሊነክስ በአንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ እንደተጀመረ አስታውሱ። በእንጅባራና በዳንግላ ያሉ የቋንቋ መምህራንና የኮምፒዩተር ተማሪዎች ተገናኝተው የሚያዘጋጁት አንድ የቃላት ዝርዝር፣ ክፍት ሆኖ ቢለቀቅ፣ ነገ የብዙ ሺህ ሕፃናት ስልክ የሚማርበት ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ሙከራውን ድገሙት፤ ሰሌዳውን ጫኑና «አውጚ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያም አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ በራሱ ስልክ እንዲጽፈው አስተምሩት።